የዋንግ ሺዢ የሕይወት ታሪክ፤ ጽሕፈቱስ እንዴት ተረፈ?

በዚህ ዓመት ለመጽሔታችን የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ በተነገረን ጊዜ ጓደኞቼ ነገሥታትን፥ የጦር አለቆችንና የሳይንስ ሊቃውንትን ተሻሙ። እኔ ግን በብሩሽና በቀለም ስሙን ያስጠራ አንድ ቻይናዊ መረጥሁ። ስሙ ዋንግ ሺዢ ይባላል። ከሞተ ከ1600 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የአገሩ ሰዎች ግን እስከ ዛሬ ድረስ በጽሕፈት ጥበብ ከሁሉ በላይ ያስቀምጡታል። እኔን ያስገረመኝ ይህ አይደለም። ያስገረመኝ ከገዛ እጁ የወጣ መሆኑ የተረጋገጠ አንዲት ቁራጭ ወረቀት እንኳ ዛሬ በዓለም ላይ አለመገኘቷ ነው። ታዲያ ጽሕፈቱ ከሌለ ሊቅነቱ በምን ታወቀ? ይህን ጥያቄ የተከተልሁት የራሴም ጉዳይ ስላለበት ነው፤ ጊዜው ሲደርስ እናገራለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቼ ይወቁልኝ።

በመጀመሪያ ስለ ቻይና ጽሕፈት ጥቂት ቃል ካላስቀደምሁ ታሪኩ ግልጽ አይሆንም። የቻይና ፊደል እንደ እኛ ፊደል ድምፅን ብቻ የሚያመለክት አይደለም፤ አንዱ ፊደል አንድ ቃል ወይም የቃል ክፍል ስለ ሆነ ብዛቱ በሺሕ የሚቈጠር ነው። የሚጻፈውም ጫፉ በሾለ የጠጕር ብሩሽ ነው። ቀለሙ ከጥላሸትና ከሙጫ ተለውሶ ከደረቀ በኋላ ይቀመጥና፥ በሚጻፍበት ጊዜ በደንጊያ ላይ በውሃ ይታሻል። ብሩሹ ሲጫኑት ይወፍራል፥ ሲያነሡት ይቀጥናል፥ ሲቸኩሉበት ደግሞ ቀለሙ ያልቅበትና በመስመሩ መካከል የወረቀቱ ንጣት ይታያል። አንድ ጊዜ የተሰመረውን መስመር ተመልሶ ማስተካከል በእነርሱ ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ ጥበቡን የሚያውቅ ሰው ጽሕፈቱን አይቶ ጸሐፊው የት ላይ እንደ ፈጠነ፥ የት ላይም እንዳመነታ ይናገራል። እኛ የሰውን ጠባይ ከአነጋገሩ እንደምንገምት እነርሱ ከብሩሹ ይገምታሉ።

ዋንግ ሺዢ በ303 ዓ.ም. ገደማ፥ ዛሬ ሻንዶንግ በሚባለው ክፍለ ሀገር ላንግያ በተባለ ቦታ ከታላቅ ቤተ ሰብ ተወለደ። ዘመኑ ክፉ ነበረ። በ311 ጦረኞች ዋና ከተማውን ሉዎያንግን ያዙ፤ በእነዚያ ዓመታት የሰሜን መኳንንት ከነቤተ ሰባቸው የያንግጼን ወንዝ እየተሻገሩ ወደ ደቡብ ተሰደዱ። የሺዢም ወገኖች አብረው ሄዱ፤ ከእነርሱም ዋንግ ዳዎ የተባለው በደቡብ በተቋቋመው በምሥራቅ ጂን መንግሥት ዋና ሹም ለመሆን በቃ። ሺዢ ግን ገና ሕፃን ሳለ አባቱን ስላጣ ያሳደጉት እናቱና ታላቅ ወንድሙ ናቸው። በልጅነቱም ንግግር የሚያቅተው ዝምተኛ ነበረ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው ወደ አንድ ታላቅ ሹም ግብዣ ሄደ፤ ሹሙም ልጁን ልብ ብሎ ተመለከተውና፥ በዚያ ዘመን የክብር ምግብ የነበረውን የተጠበሰ የበሬ ልብ ከታላላቆቹ እንግዶች አስቀድሞ ቈርጦ ለእርሱ ሰጠው። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ሁሉ ስሙን ያነሣው ጀመር። እኔ ይህን ሳነብ ዝምተኛነቱ ደስ አለኝ፤ በክፍላችንም ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የማይናገሩ አሉና።

ጽሕፈትን አስቀድሞ ያስተማረችው ወይ ሹዎ የተባለች በጥበቡ የታወቀች ወይዘሮ ናት ይባላል። ከዚያም የቀደሙትን ሊቃውንት ጽሕፈት እየተመለከተ ተማረ። እርሱም ራሱ የተማረው የሌላውን ጽሕፈት በመቅዳት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ስለ ጋብቻው የሚነገረው ታሪክ ያስቃል። ሺ ጂየን የተባለ ሹም ለልጁ ባል ፈልጎ ወደ ዋንግ ቤት መልእክተኛ ላከ። የቤቱ ጐበዞች ይህን በሰሙ ጊዜ አምረው ለብሰው፥ ጭምት መስለው ተቀመጡ። አንዱ ብቻ በምሥራቅ በኩል ባለው አልጋ ላይ ሆዱን ገልጦ ተጋድሞ፥ ምንም እንዳልሰማ ሰው ምግቡን ይበላ ነበር። ሹሙም ወሬው ሲደርሰው ልጄን የምሰጠው ለዚያ ነው ብሎ ቈረጠ፤ ያም ሰው ሺዢ ሆኖ ተገኘ። ቻይናውያን አማችን ከዚህ የተነሣ የምሥራቅ አልጋ ይሉታል። ከሚስቱም ሰባት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወለደ፤ የመጨረሻው ልጁ ዋንግ ሺየንዢ በጽሕፈት ከአባቱ ጋራ ስሙ የሚጠራ ሆነ።

በመንግሥት ሥራ የቀኝ ጦር ጄኔራል የሚባል ማዕርግ ስለ ተሰጠው እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል፤ ይሁን እንጂ ስሙን ያስጠራው ጦር አይደለም። ዋናው ሹመቱ ዛሬ ሻዎሺንግ በምትባለው ከተማ አካባቢ የኩዋይጂ አገረ ገዥነት ነበር። በዚያ ሳለ ረኃብ ስለ ገባ የመንግሥቱን ጐተራ ከፍቶ ለሕዝቡ እህል አበደረ፤ ግብሩ ስለ ከበደም ወደ በላይ እየጻፈ ተሟገተ። ስለ ጠባዩ ከሚነገረው ሁሉ እኔ የምወደው የአሮጊቷን ነገር ነው። አንዲት አሮጊት ማራገቢያ ስትሸጥ አግኝቶ በእያንዳንዱ ላይ አምስት አምስት ፊደል ጻፈበት። ዕቃዬን አበላሸብኝ ብላ ብትቈጣ፥ የጄኔራል ዋንግ ጽሕፈት ነው ብለሽ መቶ መቶ ሳንቲም ጠይቂበት ብሎ መከራት። ሰዉም እየተጋፋ ገዛት። ሌላ ቀን ሌሎች ማራገቢያዎች ተሸክማ በመጣች ጊዜ ግን ፈገግ ብሎ ዝም አላት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልድረስ። በ353 ዓ.ም. በጸደይ፥ በቻይናውያን ሦስተኛ ወር በሦስተኛው ቀን፥ ዋንግ ሺዢ አርባ ሁለት ያህል ወዳጆቹንና ልጆቹን ላንቲንግ ወደሚባል ቦታ ሰበሰበ። እንግዶቹ በአንድ ጠመዝማዛ ወራጅ ውሃ ዳርና ዳር ተቀመጡ፤ የወይን ጠጅ ጽዋ በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ሲሄድ ከፊቱ የቆመለት ሰው ቅኔ መግጠም አለበት፤ ካልቻለ ቅጣቱ መጠጣት ነው። ሃያ ስድስቱ 37 ግጥም ገጠሙ፤ የቀሩት ቅጣታቸውን ጠጡ። ከተቀጡትም አንዱ ገና ትንሽ ልጅ የነበረው ሺየንዢ ነው ይባላል። ለግጥሞቹም ዋንግ ሺዢ ሞቅ ብሎት ሳለ መቅድም ጻፈላቸው። መቅድሙ 28 መስመርና 324 ፊደል ነው። በቀኑ ደስታ ይጀምርና ደስታ ቶሎ እንደሚያልፍ፥ ሕይወትም አጭር እንደ ሆነች እያሰበ ያዝናል። አንዱን ፊደል በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሃያ ጊዜ ያህል ጽፎታል፤ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አልጻፈውም። የተሳሳተውንም እየሰረዘ፥ የዘነጋውንም በመስመሮቹ መካከል እያስገባ ሄደ። በማግሥቱ በንጹሕ ወረቀት ደጋግሞ ሊገለብጠው ሞከረ፤ ነገር ግን እንደ መጀመሪያው አልሆንለት አለ ይባላል። እርሱ ራሱም ሊቀዳው አልቻለም ማለት ነው።

በ355 ከአንድ የማይወደው ሰው ሥልጣን በታች መሆን ስላልፈለገ በወላጆቹ መቃብር ፊት ምሎ ሥራውን ለቀቀ። የቀረውን ዘመኑን በተራራዎችና በወዳጆቹ መካከል አሳልፎ በ361 ገደማ ሞተ።

የሰው ታሪክ በሞቱ ቢያልቅ ኖሮ እኔም እዚህ ላይ በተውሁት ነበር። የዋንግ ሺዢ ጽሕፈት ግን ሌላ ረዥም ሕይወት ነበረው። ወረቀቱ በሰው ዘንድ በጣም ስለ ተወደደ አንድ ቦታ ይከማች ጀመር፤ የተከማቸ ነገር ደግሞ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። በ554 የሊያንግ ንጉሥ ነገሥት ዩዋን ከተማው በጠላት በተከበበ ጊዜ ከ140,000 በላይ ጥቅል የነበረውን ቤተ መጻሕፍቱን በእሳት አቃጠለ፤ የዋንግ ሺዢና የልጁ ጽሕፈቶችም ከቃጠሎው ውስጥ ነበሩ። ያቃጠላቸው የማያውቃቸው ባላገር ሳይሆን አጥብቆ የሚወዳቸው ሰው ነው።

የላንቲንግ መቅድም ግን ከዘር ወደ ዘር ሲተላለፍ ኖሮ ሰባተኛ ትውልዱ ለሆነ ዢዮንግ ለተባለ መነኵሴ ደረሰ። ይህ መነኵሴ ሠላሳ ዓመት ከፎቅ ሳይወርድ አንድ ሺሕ ፊደል ያለበትን መጽሐፍ በአባቱ አያቶች አጻጻፍ 800 ጊዜ ገለበጠና ለገዳማት አከፋፈለ። ሲሞትም መቅድሙን ለደቀ መዝሙሩ ለቢየንጻይ ተወለት። በዚያን ጊዜ የታንግ ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ የዋንግ ሺዢን ጽሕፈት ከየአገሩ እየገዛ ከ2000 ቅጠል በላይ ሰብስቦ ነበር፤ ይህ አንዱ ግን አልተገኘለትም። እንደሚተረከው ሺያዎ ዪ የተባለ ሹም ነጋዴ መስሎ ወደ ቢየንጻይ ዘንድ ሄደ፤ ሽማግሌውን በጨዋታና በመጠጥ ወዳጅ አድርጎ፥ በእጁ ያለውን የዋንግ ሺዢ ጽሕፈት እያሳየ አስቀናው። ሽማግሌውም በጣራው ወራጅ ላይ የደበቀውን መቅድም አውጥቶ አሳየው። ጥቂት ቀን ቈይቶ ሺያዎ ዪ መነኵሴው ከቤት በሌለበት ሰዓት ገብቶ ወሰደው። ሽማግሌው ከሐዘኑ ብዛት በዓመቱ ገደማ ሞተ ይላሉ። ታሪኩ እንዳማረ አይካድም፤ እኔ ግን ለመነኵሴው እፈርዳለሁ።

ታይዞንግ ጽሑፉን ባገኘ ጊዜ የቤተ መንግሥቱን ቀጂዎች ጠርቶ ቅጅ አስወጣና ለልጆቹና ለሹማምንቱ ሰጠ። በ649 በሞተ ጊዜ ዋናው አብሮት ተቀበረ ይባላል። በ10ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዌን ታዎ የተባለ የጦር ሹም መቃብሩን ከፍቶ ዘረፈ፤ መቅድሙ ግን ከዚያ ወዲህ በማንም እጅ አልታየም።

እንግዲህ የተረፈው በቀጂዎቹ እጅ ያለው ነው። ከቤተ መንግሥቱ ቀጂዎች አንዱ ፌንግ ቼንግሱ ይባል ነበር። አሠራራቸው እንዲህ ነው፤ ወረቀቱ ውስጡ እንዲያሳይ በሰም ይታሻል፥ ከዋናው ጽሑፍ በላይ ይነጠፍና በመስኮት ብርሃን ላይ ይያዛል። ከዚያ በኋላ ቀጂው እንደ ጠጕር በቀጠነ መስመር የእያንዳንዱን ፊደል ዳርቻ ዙሪያውን ይከተላል፤ በመጨረሻም መካከሉን በቀለም ይሞላል። በሩቅ ሲያዩት አንድ ጊዜ በብሩሽ የተጻፈ ይመስላል፤ በቅርብ ግን በብዙ ቀን የተሠራ ሥዕል ነው።

የራሴ ጉዳይ ያልሁት እዚህ ላይ ነው። አባቴ በሥራው ምክንያት ከቤት ርቆ ይኖር ነበር። እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከመሞቱ በፊት የጻፈልን የመጨረሻ ደብዳቤ በእናቴ ሣጥን ውስጥ አለ። በአራት ስለ ታጠፈ እጥፋቱ ተሰንጥቋል፥ የእስክሪፕቶውም ሰማያዊ ቀለም ደብዝዟል። በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቼዋለሁ፤ እናቴ ግን በእጅ የሚያዝ ወረቀት ትወዳለች። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ስስ ወረቀት ገዝቼ፥ ደብዳቤውን በመስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፌ፥ ፊደል በፊደል ተከተልሁት። የቻይናውያኑን ነገር ገና አላነበብሁም ነበር። ጨርሼ ለእናቴ ስሰጣት ብዙ ጊዜ ተመለከተችው። ቃሉ የእርሱ ነው፥ እጁ ግን አይደለም አለችኝ። እውነትዋን ነበረ፤ አባቴ ፈጥኖ ያለፈበትን እኔ እየቆምሁ ስለ ተከተልሁት መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ከሁሉ ይልቅ ግን ሌላ ነገር ፈለገች። አባቴ ወደ ቤት የሚመጣበትን ቀን አንድ ጊዜ ጽፎ ከሰረዘው በኋላ ከበላዩ ሌላ ቀን ጽፎ ነበር። እኔ ንጹሕ እንዲሆን ብዬ የተሰረዘውን ትቼው ነበር። እርስዋም ጣትዋን በዚያ ቦታ ላይ አድርጋ ቅዳሜው የት ሄደ ብላ ጠየቀችኝ።

የፌንግ ቼንግሱ ነው የሚባለው ቅጅ ዛሬ በቤጂንግ በቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ይገኛል። ሥዕሉን በመጽሐፍ ባየሁት ጊዜ አስቀድሜ የፈለግሁት ስርዙን ነው። አለ። ዋንግ ሺዢ የሰረዘው እንደ ተሰረዘ፥ በላዩ ደርቦ የጻፈውም እንደ ተደረበ፥ የብሩሹ ጠጕር ተከፍሎ ቀለሙ ሁለት የሆነበት ቦታ ሳይቀር እንዳለ ተቀድቷል። ያ ሰው ከሊቁ ስሕተት አንዱን እንኳ ለማረም አልደፈረም።

ወረቀት ግን ቅጅም ቢሆን ይቃጠላል። ስለዚህ ቻይናውያን በደንጊያ ላይ መቅረጽን ጨመሩበት። ጽሑፉ በደንጊያው ላይ ወደ ውስጥ ይቈፈራል፤ እንደ ማተሚያ ተገልብጦ ሳይሆን እንደሚነበበው ቀጥ ብሎ። ከዚያም እርጥብ ስስ ወረቀት ይለጠፍበትና ወደ ተቈፈረው መስመር እስኪገባ ድረስ በብሩሽ ቀስ ተብሎ ይመታል። ወረቀቱ ሊደርቅ ሲል በቀለም በተነከረ የጨርቅ ቋጠሮ ላዩን መታ መታ ያደርጉታል። ከፍ ያለው ቦታ ጥቁር ይሆናል፥ የተቈፈረው ግን ቀለም ስለማይነካው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ወረቀቱ ሲላቀቅ ነጭ ጽሕፈት በጥቁር ላይ ይታያል። ከአንድ ደንጊያ እንዲህ ያለ ቅጅ እጅግ ብዙ ማንሣት ይቻላል። ደንጊያውም ቢሆን ከብዛት የተነሣ ያልቃል፤ መስመሩ እየደነዘዘ፥ ጠርዙ እየተሸረፈ ይሄዳል፤ በዚህም ምክንያት ቀድሞ የተነሣው ቅጅ ኋላ ከተነሣው ይልቅ ውድ ነው።

ከላንቲንግ ደንጊያዎች ሁሉ ዝነኛው በ11ኛው መቶ ዓመት ዲንግዉ በተባለ ቦታ የተገኘው ነው። የአንድ ሹም ልጅ ደንጊያውን በምትኩ በሠራው ለውጦ ዋናውን ወሰደ፤ የራሱን ከሌላው ለመለየትም ከፊደሎቹ ጥቂቶቹን ሆን ብሎ ሸረፋቸው ይባላል። እንዲህ ያለ ፍቅር ከጥላቻ በምን ይለያል? በ1127 ዋና ከተማው ካይፌንግ በወራሪዎች እጅ ከወደቀች በኋላ ደንጊያውም ጠፋ። ቅጅው ግን ቀረ። በ1310 ዣዎ ሜንግፉ የተባለው ሊቅ ከዚህ ደንጊያ የተነሣ አንድ ቅጅ በእጁ ስለ ገባ በጀልባ ሲጓዝ ቀን በቀን እያየ ዐሥራ ሦስት ጊዜ አስተያየቱን ጻፈበት። ያም ወረቀት ኋላ እሳት አገኘው፤ ዛሬ ጠርዛቸው የነደደ ጥቂት ቁራጮቹ በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ተጠብቀው ይገኛሉ።

ስለ ሌላው ደንጊያ ሳልናገር አላልፍም። ሁዋይረን የተባለ መነኵሴ፥ ንጉሡ ታይዞንግ ለቡድሃ መጻሕፍት ትርጕም የጻፈውን መቅድም በዋንግ ሺዢ እጅ የተጻፈ ለማስመሰል አሰበ። ሺዢ ከሞተ ሦስት መቶ ዓመት አልፎት ነበር! መነኵሴው ግን ከቤተ መንግሥቱ ክምችት የሚያስፈልገውን ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመ፥ ያጣውን ከሁለት ፊደል ክፍሎች እየገጣጠመ ከሃያ ዓመት በላይ ደከመ። ደንጊያው በ672 ቆመ፤ ዛሬም ከነስንጥቁ በሺአን ከተማ፥ የደንጊያ ጽሑፎች ጫካ በሚባለው ሙዚየም ቆሞ ይታያል። በ992 ደግሞ የሶንግ ንጉሠ ነገሥት የቀድሞዎቹን ጽሕፈት በዐሥር ክፍል አስቀርጾ ቅጁን ለታላላቅ ሹማምንቱ ሰጠ፤ ከዐሥሩ አምስቱ የዋንግ ሺዢና የልጁ ነው። ሚ ፉ የተባለው ሐያሲ ግን በውስጡ ብዙ ሐሰተኛ ጽሕፈት እንዳለበት አጋለጠ።

ይህ ጥርጥር እስከ ዘመናችን ደርሷል። በ1965 በናንጂንግ አጠገብ የዋንግ ሺዢ ዘመድ መቃብር ተቈፍሮ የደንጊያ ጽሑፍ ተገኘ፤ ፊደሉም ከላንቲንጉ ጋራ የማይመሳሰል፥ ማዕዘን ማዕዘን ያለው ነበር። ጉዎ ሞሩዎ የተባለው ታላቅ ምሁር ይህን ይዞ የላንቲንግ መቅድም የዋንግ ሺዢ አይደለም ብሎ ጻፈ። ጋዎ አርሺ የተባለ ሌላ ሰው ተቃወመው። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። እኔ በበኩሌ ለመቃብር ደንጊያ የሚቀረጽና በወይን ጠጅ ማኅበር የሚጻፍ ጽሕፈት አንድ ይሆናል ብሎ መጠበቅ የሚገባ አይመስለኝም፤ የፈተና ወረቀቴና የደብተሬ ጀርባ እንኳ አንድ እጅ አይመስሉም።

ከሌሎቹ ቅጅዎች በታይፔ ያለው የበረዶው ደብዳቤ 28 ፊደል ብቻ ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ግን በጣም ስለ ወደደው ዙሪያውን በማኅተምና በገዛ ጽሕፈቱ ሞላው። እኔን የነካኝ በጃፓን ንጉሣዊ ክምችት ያለው ነው። በታንግ ዘመን የተቀዳ ደብዳቤ ሲሆን፥ በውስጡ ዋንግ ሺዢ በሰሜን የቀረው የአባቶቹ መቃብር በጦርነት እንደ ተደፈረ ሰምቶ፥ ሄዶ ለመድረስም ባለመቻሉ ሐዘኑን ይገልጻል። መጀመሪያ ላይ ብሩሹ በዝግታ ይሄዳል፥ ወደ መጨረሻው እየፈጠነ ፊደሎቹ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ቀጂው ማን እንደ ሆነ ስሙ አልተጻፈም፤ የሰውየውን መቸኰል ግን ጠብቆ አስቀርቶልናል።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ካስረከብሁ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ስስ ወረቀት እገዛለሁ። የቤታችን መስኮት ጧት ጧት ፀሐይ ያገኘዋል። እጄ ሳይደክም መጀመሪያ የምቀዳው ያንን የተሰረዘውን ቅዳሜ ነው።